ለካፕቸሯ ዋስ ሳፈላልግ

ሕልም የሌሊት ብቻ ነው ያለው ማነው? እኔ ይህን ሕልም ያየሁት ባለፈው ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ፣ ምሳዬን በልቼ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ነው።

ከሕልሙ በፊት የነበረውን ላስቀድም፤ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። ስሜ ደነቀ ነው። ቡታጅራ ውስጥ ጌም ቤት አለኝ። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ማጫወቻ፣ አራት ጆይስቲክ፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር። የቤቱ ሕግ አንድ ነው፤ «ተሸናፊ ይነሳል»። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ። ያን ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የከተማው የጌም ዋንጫ ፍጻሜ እኔ ቤት ይካሄዳል። ልብስ ሰፊው ሽኩርና ባጃጅ ነጂው ታምሩ ይገጥማሉ። ጨዋታውን በላይቭ እናስተላልፍ፣ ቤቱ የማይበቃው ሰው በስልኩ ይይ ያልኩት ደግሞ እኔው ነኝ። አፌ ነው ያመጣው።

ለዚህ ሲባል ካፕቸር የሚሏትን ዕቃ አስመጣሁ። የክብሪት ቤት ብታህል ነው። ከማጫወቻው የሚመጣው ገመድ በአንድ ወገኗ ይገባል፤ በሌላው ወገኗ ወደ ላፕቶፕ ይወጣል፤ ላፕቶፑ ምስሉን ለሕዝብ ይረጫል። በወሬ ደረጃ ነገሩ ይኸው ነው። እኔ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ገመድ ቀየርኩ፣ ሶኬት ቀየርኩ፣ አጠፋሁ፣ አበራሁ። ገመዱ ቴሌቪዥኑ ላይ ሲሰካ ጨዋታው ወለል ብሎ ይታያል። በካፕቸሯ በኩል ሲያልፍ የላፕቶፑ ስክሪን ጥቁር። ከሰል በሉት።

ባለቤቴ አስካለ ዓርብ ምሳ ላይ ሳህኑን እያነሳች፣ «ምሕረቱን ለምን አትጠራውም?» አለችኝ።

«ማንን?»

«ምሕረቱን። የኤሌክትሮኒክስ ዲፕሎማ ያለው እሱ ነው።»

«እንግዲያው ዲፕሎማውን ይሰካበት።»

«ቤቱ ነገ ሰው ይሞላል፣ ደነቀ። ኋላ አንተ ነህ የምታፍረው።»

«ልፈር። እሱን ከምለምን ከጣሪያ ብወድቅ ይሻለኛል።»

እኔ ከስምንተኛ ክፍል የወጣሁ ሰው ነኝ፤ አልደብቅም። ግን በዚህ ከተማ ጣሪያ ላይ ካለው ዲሽ ግማሹን ያቆምኩት በእነዚህ እጆቼ ነው። ምሕረቱ ደግሞ የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት፣ በአስካለ እህት ሠርግ፣ ስፒከሩን ሳገናኝ ማይኩን አንስቶ፣ «ገመድ ጎታቹ ፈቀቅ ይበል፣ ባለሙያ መጥቷል» አለ። ዳሱ ሙሉ ሳቀ። ሙሽራዋ ሳቀች። አስካለ አልሳቅኩም ትላለች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ምሕረቱን ሰላም ብዬው አላውቅም። እሱ በመናኸሪያው በኩል ከመጣ እኔ በመስጊዱ በኩል እዞራለሁ። የዚህን ሁሉ ዓመት ጫማ የጨረሰብኝ እሱ ነው።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሁሉን ሰካክቼ ጥቁሩ ስክሪን ፊት ተቀመጥኩ። ዓይኔን ለአፍታ ጨፈን አደረግኩ።

በሕልሜ እዚያው ቤቴ ነኝ። ግን ደንበኞቼ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ገብተው ሣሩ ላይ ይሯሯጣሉ። ሽኩር የልብስ መለኪያ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳጠለቀ በግራ ክንፍ ይነዳል። የቴሌቪዥኑ ተጫዋቾች ደግሞ አግዳሚዬ ላይ ተደርድረው ጆይስቲክ ይዘዋል፤ ታኬታቸው ወለሌን ጭቃ በጭቃ አድርጎታል። ግድግዳው ላይ በእጄ የጻፍኩት፣ «አሸናፊ ይነሳል» ይላል። አንዱ ሦስት ለባዶ አሸነፈና አፍሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ተነሳ። የተሸነፈውን ጓደኞቹ ግንባሩን ሳሙት። እኔም ደግ አደረገ አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

«ጋሼ» አለኝ ዘጠኝ ቁጥር የለበሰው። «ምስል እኮ አይወጣም።»

«አውቃለሁ።»

«እናቴ እየጠበቀችኝ ነው። ልጄን ልየው ብላ ከጠዋት ጀምሮ ስክሪን ፊት ተቀምጣለች።»

«አንተ ጌም ነህ። እናት የለህም።»

አልተቆጣም። «አለችኝ» አለ ቀስ ብሎ። «አንተ ያላየኸው ሁሉ የለም ማለት ነው?»

ዞር ስል ማጫወቻው ጥግ ላይ ቁጭ ብሏል። ነጠላ ተከናንቦ ፊቱን እስከ አፍንጫው ሸፍኗል። አጠገቡ ተንበረከክኩ። ካፕቸሯ በእጄ ናት።

«ምስልህን ለምን አትሰጣትም?» አልኩት።

«አላውቃትማ» አለ። ድምፁ ጥርሳቸው ያለቀ ባልቴት ድምፅ ነው። «ቴሌቪዥኑ ዘመዴ ነው፣ እሱ ፊት እገለጣለሁ። ይቺ ግን ከየት የመጣች ናት? ያየችውን ሁሉ ትቀዳለች አሉ። የማላውቀው ፊት አልገለጥም።»

«ምንም አታደርግህም። ትንሽ ዕቃ ናት።»

«እባብም ትንሽ ነው። ዋስ ይምጣላት።»

«እኔ ዋስ እሆናለሁ።»

«አንተ ባለቤቷ ነህ። ባለቤት ለራሱ ዕቃ ዋስ ሲሆን የት አየህ? ሂድ፣ ዋስ አምጣ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ካልመጣህ እንደተከናነብኩ እቀራለሁ።»

ክፉ አልተናገረም። እኔም አላዘንኩበትም። በእውኑም ዓለም ቢሆን ያለ ዋስ ምን ሆኖልኝ ያውቃል? ዘበኝነት ልቀጠር ስል ዋስ፣ ቤት ልከራይ ስል ዋስ። ካፕቸሯን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

ውጭ ዝናቡ ከመሬት ተነስቶ ወደ ሰማይ ይዘንባል። ሰው ሁሉ ዣንጥላውን ገልብጦ በላዩ ላይ ቆሞ ይንሸራተታል። የጋሪ ፈረሶች ጋሪው ላይ ጉብ ብለው ባለጋሪዎቹ ይጎትታሉ። አንድ ቀይ ፈረስ ጋሪ ነጂውን፣ «ቀስ በል ወንድሜ፣ ከፊትህ ጉድጓድ አለ፤ እግርህ የራስህ ነው» ይለዋል። ሰውዬው ቀና ብሎ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለው። የሚጣደፍ ሰው የለም። እኔ ብቻ ነኝ የምቸኩለው።

ቀበሌ ደረስኩ። ውስጥ ሰዎች በመደርደሪያ ላይ እርስ በርስ ተደራርበው፣ በገመድ ታስረው፣ አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል። አንዳንዶቹን አውቃቸዋለሁ፤ ከታች ከተጠቀጠቁት አንዱ የጎረቤቴን የቤት ካርታ ጉዳይ የያዘው ሰውዬ ነው። ጠቀሰኝ። ፋይሎቹ ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። አንድ ወፍራም ሰማያዊ ፋይል መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ በእግሩ ወንበር ገፋልኝ።

«የዋስ ስም?»

«ሽኩር። ልብስ ሰፊው።»

«ምንህ ነው?»

«ወዳጄ ነው።»

ፋይሉ ገጹን ነቀነቀ። «ወዳጅ ዋስ አይሆንም። ወዳጅ ለወዳጁ ይዋሻል። ዘመድም እንዲሁ። ዋስ የሚሆነው የተቀየምከው ሰው ነው።»

እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ዕድሜ ልኬን የሌለኝን ነው ሲጠይቁኝ የኖርኩት፤ ወረቀት አምጣ፣ ማስረጃ አምጣ። ያለኝን የጠየቀኝ ሰው ይህ ፋይል የመጀመሪያው ነው።

«ስንት ይበቃል?»

«አንድ።»

«አንድ ብቻ? እኔ ሙሉ ቡድን አለኝ። ተቀያሪም አለኝ።»

«አንድ ይበቃል። ግን ነገሩን እሱም ማስታወስ አለበት። አንዱ ወገን ብቻ የያዘው ቂም ላይ ማኅተም አይመታም።»

«እንዴት አያስታውስም? እኔ እኮ ከነቀኑ አስታውሳለሁ።»

«ያንተን አልጠየቅንም» አለና ሻዩን አነሳ።

መጀመሪያ ወደ መምህር ታደገኝ ሄድኩ። ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝ ናቸው። አንድ ቀን ደብተሬን በሁለት ጣታቸው ጠርዙን ይዘው ለክፍሉ ከፍ አድርገው አሳዩና፣ «ይህንን በግ እንኳን አሽትቶ ያልፈዋል» ብለዋል። በሕልሜ እሳቸው የልጆች አግዳሚ ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ደርሶ ተቀምጠዋል። ሰሌዳው ቆሞ ጀርባቸው ላይ በጠመኔ ይጽፋል።

«መምህር፣ አስታወሱኝ?»

«ማነህ የኔ ልጅ?»

«ደነቀ ነኝ። የበጉ ደብተር።»

ብዙ አሰቡ። ሰሌዳውም መጻፉን አቁሞ ጠበቃቸው። «ስንቱን ደብተር አንስቻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «በግ ያልኩትስ አንድ ነው? አንዳንዱንማ አህያም ብያለሁ።»

«እኔ እኮ በዚያ ቀን ነው የወጣሁት።»

«ከየት?»

«ከትምህርት ቤት። ወጥቼ ቀረሁ።»

«እኔ ደግሞ የምሳ ደወል ሰምተህ የወጣህ መስሎኝ» አሉ። በጣም ጨዋ ሆነው ነው ያሉት። ጨዋነታቸው ባይኖር ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወደ አስካለ ታላቅ ወንድም፣ ወደ በለጠ ቤት ሄድኩ። አስካለን ሽማግሌ ልኬ ሳስጠይቅ፣ «ለመሆኑ ልጁ ሥራው ምንድነው?» ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ ዲሽ ሠራተኛ መሆኔን ሊያስረዱ፣ «ጣሪያ ላይ ነው የሚውለው» አሉት። «ድመት ነው እንዴ?» አለ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ፤ እኔ የላክኋቸው ሽማግሌዎች። በሕልሜ በለጠ ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ተጋድሟል። ሳሎኑ ውስጥ ደግሞ ግራጫ ድመት የበለጠን ኮት ለብሶ ዜና ይሰማል።

«በለጠ፣ ድመት ብለኸኝ ነበር» አልኩት ከታች ሆኜ።

«ማንን? አንተን?»

«እኔን።»

«ድመት ምን ይወጣለታል? ንጹህ ነው፣ አይጥ ይይዛል።» ፊቱን ወደ ፀሐይ መለሰ። «አላልኩህም እንጂ ብልህም ደግ ብያለሁ።»

ድመቱ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «እባክህ ድምፅህን ቀንስ፣ የአየር ትንበያ ላይ ነኝ» አለኝ።

የዕድራችንን ዳኛ ጠየቅኩ፤ በስብሰባ መሀል ስሜን ዘልለው ያነበቡ ናቸው። «እንኳን ያንተን የራሴንም ዘልዬ ይሆናል፤ መነጽሬ ያኔ ተሰብሮ ነበር» አሉ። በር ላይ ቆሜ ሳለሁ ከኋላዬ የመጣውን ያስገባውን የሆስፒታል ዘበኛ ጠየቅኩ። ሆስፒታል ውስጥ ሠርቶ እንደሚያውቅ ራሱ አላስታወሰም። ለፎቶ ስንሰለፍ በትከሻዋ የጋረደችኝን የአክስቴን ልጅ ጠየቅኩ። ፎቶውን አወጣችው፤ ከትከሻዋ ጀርባ አንድ ጆሮ ይታያል። «ይሄ ያንተ ነው? እኛ እኮ የግድግዳ መንጠቆ መስሎን ነው የኖርነው» አለች።

አሥር ሰው ጠየቅኩ። አንዱም አያስታውስም። አንዱም ክፉ አልመለሰልኝም።

ወደ ላይ የሚዘንበው ዝናብ አጠገብ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። አንዳንዱን ነገር ሠላሳ ዓመት ይዤዋለሁ። እንቅልፍ ሲጠፋ አንድ በአንድ አውጥቼ እያየሁ፣ አራግፌ መልሼ አስቀምጬ ነው የኖርኩት። ሰውዬው እዚያ ማዶ ሆኖ ሌላኛውን ጫፍ የያዘ ይመስለኝ ነበር። ገመድ ማወቅስ እኔ አውቃለሁ፤ አንዱ ጫፉ ያልተሰካ ገመድ ምንም አያስተላልፍም። እኔ ሠላሳ ዓመት ስጎትት የኖርኩት የምን ገመድ ነው?

ካፕቸሯ ከኪሴ ውስጥ፣ «አንድ ሰው ቀርቷል» አለች።

«ዝም በይ።»

«ሰዓቱ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነው።»

ተነሳሁ። በዚህ ዓለም መንገዱ ሁሉ በመናኸሪያው በኩል ነው፤ በመስጊዱ በኩል የሚዞር መንገድ የለም። መናኸሪያው ጋ ስደርስ ቤቶቹ በጣሪያቸው ቆመዋል። መሠረታቸው ሰማይ ላይ ነው፣ ዲሾቹ መሬት ውስጥ ተቀብረው ወደ ታች ያያሉ። አንድ ጥልቅ ጉድጓድ አፍ ላይ ደረስኩ። ከታች ምሕረቱ አካፋ ይዞ ዲሽ ያስተካክላል።

ቀና ሳይል፣ «ገመድ ጎታች፣ መጣህ?» አለ።

ምን ልበላችሁ፤ ብስመው ደስ ባለኝ። የሚያስታውስ ሰው ተገኘ።

«ታስታውሳለህ?» አልኩት።

«ቡናማ ኮት ለብሰህ ነበር። አንድ ቁልፍ የለውም። የተቃጠለው የግራው ስፒከር ፊውዝ ነበር፤ አንተ ግን የቀኙን ነበር የምትፈታው።»

«ቀኙን?»

«ቀኙን። ቀስ ብዬ በጆሮህ ልነግርህ ስችል በማይክ ተናገርኩ። ዳሱ ሲስቅልኝ ደስ አለኝ። በማግስቱ ደግሞ ደስ አላለኝም። አንተ በመስጊድ በኩል ስትዞር እኔ እዚህ ቆሜ ጀርባህን አይ ነበር።»

አሥራ ሰባት ዓመት ልሰማው የፈለግኩት ነገር ይኼ ነው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጥኩና እግሬን ወደ ውስጥ ሰደድኩ። ነፍሴ ጸጥ አለች።

«እንግዲያውስ ለዚች ዕቃ ዋስ ሁንልኝ» አልኩት። ካፕቸሯን አሳየሁት።

«እሆናለሁ። አጠያየቁ ግን ሥርዓት አለው።»

«ምን ልበል?»

«አላውቅም በል። አስተምረኝ በል። እዚህ አገር የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፣ ምንም አይጠቅምም። አላውቅም ያለ ሰው ግን ካባ ይደረብለታል።»

ዙሪያዬን ብመለከት እውነት ነው። አዛውንቶች ካባ ለብሰው ያልፋሉ፤ አንዱ አንዱን፣ «እርስዎ ስንት ነገር አያውቁም?» እያለ እጅ ይነሳል። በእውኑ ዓለም ይህቺን ቃል አውጥቼ አላውቅም። ዲሽ ልሠራ ሄጄ ያልገባኝ ነገር ሲገጥመኝ፣ «ዕቃው ነው የተበላሸው» ነበር የምለው። ስንት ደህና ዕቃ በእኔ ቃል ተጥሏል። እዚህ ግን ምን ያሳፍራል?

«አላውቅም» አልኩ።

«አይሰማም፤ ጉድጓድ ውስጥ ነኝ።»

«አላውቅም። አስተምረኝ።»

«ጨምር። ስሜንም ጥራ። ለማን እንደምትናገር ይታወቅ።»

ሳንባዬን ሞላሁ። «ምሕረቱ፣ እኔ ደነቀ ነኝ፤ አላውቅም። ሦስት ቀን ሙሉ ሞክሬ አቃተኝ። ጌታዬ፣ አባቴ፣ ና አስተምረኝ።» ጌታዬና አባቴን እሱ አላዘዘኝም፤ ከራሴ ነው የጨመርኩት። አንዴ ከተጀመረ ምን ይቆጠባል?

ምሕረቱ አካፋውን ጥሎ ወጣ። በጭቃ እጁ ካፕቸሯን ነካትና፣ «ዋሷ ነኝ» አለ። ወዲያው ቤቴ ነን። ማጫወቻው ሰማን። ነጠላውን ከአፍንጫው ዝቅ አደረገ። ከሥሩ ብርሃን ወጣ። ዘጠኝ ቁጥሩ ፀጉሩን አስተካከለ፣ ለእናቱ ሊታይ ነው። ነጠላው ወደ አገጩ ወረደ፣ ፊቱን አሁን ላየው ስል ነቃሁ።

ቤቱ በሰው ሞልቷል። አግዳሚው ላይ፣ በሩ ላይ፣ መስኮቱ ላይ። ሁሉም ወደ እኔ ያያል። ላፕቶፑ እንደነበረው ጥቁር ነው። ሽኩር ስልኩን እንደ ዕንቁላል በሁለት እጁ ይዞ አጠገቤ ቆሟል።

«ጋሽ ደነቀ» አለኝ። «ቀስ ብለህ ተነስ። እንዳትደነግጥ።»

«ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። ላይቩን ልሞክረው ብዬ ከሰባት ተኩል ጀምሮ ከፍቼው ነበር።»

«ምስል የለማ።»

«ምስል የለም። የላፕቶፑ ማይክ ግን ክፍት ነው።»

«ስንት ሰው አለ?»

ስልኩን አየና ጉሮሮውን ጠረገ። «ስድስት መቶ አርባ።»

«ጥቁር ስክሪን ላይ ስድስት መቶ አርባ ሰው ምን ይሠራል?»

«ያዳምጣላ። ካፌዎቹ ሁሉ ስፒከር ላይ አድርገውታል። ያንተን ወገን ብቻ ነው የሚሰሙት፤ የሌላውን ራሳቸው እየገመቱ ነው።»

«ከየት ጀምሮ ነው?»

«ከ‹እናት የለህም› ጀምሮ» አለ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። «መምህር ታደገኝም ጽፈዋል።»

«ምን ብለው?»

«‹ይህ ልጅ ማነው?› ብለው።»

በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች ፈቀቅ አሉ። ምሕረቱ ገባ። ሆዱ ወጥቷል፣ ፀጉሩ ገብቷል። ሲሮጥ እንደመጣ ትንፋሹ ያስታውቃል።

«ጠራኸኝ» አለ። «ሻይ ቤት ሆኜ ሰማሁህ። በስሜ ነው የጠራኸኝ።»

መልሴንም አልጠበቀም። ገመዱን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካ፣ ጆይስቲኩን አንስቶ የማጫወቻውን ሴቲንግ ከፈተ፣ ወደ ታች ወረደ፣ አንዲት ምልክት ነካ፣ አጠፋት፣ ገመዱን ወደ ካፕቸሯ መለሰ። አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። «ማጫወቻው ምስሉ እንዳይቀዳ ራሱ ይከለክላል» አለኝ ጎንበስ ብሎ፣ በጆሮዬ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ። «ይህቺን ታጠፋታለህ። ገመዱን በደንብ ነው የሰካኸው፤ ምንም አላጠፋህም።»

ላፕቶፑ ላይ አረንጓዴው ሜዳ ቦግ አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

ምሕረቱ ግን አልሄደም። ጎንበስ እንዳለ፣ «ደነቀ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ። «ታስታውሳለህ ስትለኝ ሰማሁ። እኔ ምን ብዬህ ነበር?»

ዓይኑን አየሁት። ለማላገጥ አልነበረም። እውነቱን ነው፣ አያውቅም። አሥራ ሰባት ዓመት ያሰናዳሁት ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ማይኩም ክፍት ነው፣ ከተማው በሙሉ ይሰማል። ከዚህ የተሻለ ቀን አላገኝም።

«ረሳሁት» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ፣ ትከሻዬን ቸብ አድርጎ አግዳሚው ላይ ቦታ ያዘ። ሽኩርና ታምሩ ጆይስቲካቸውን አነሱ። የዋንጫው ዳኛ ፊሽካ ነፋ። ምስሉ የጠራ ነው፣ የሣሩ ቅጠል ይቆጠራል። ሁለት ደቂቃ ተጫወቱ መሰለኝ፣ ሽኩር ጨዋታውን አቆመና ስልኩን ደጋግሞ አየ።

«ምነው?» አለ ታምሩ።

«ስድስት መቶ አርባ አልነበርን? አሥራ አራት ቀረን።»

«ኔትዎርክ ይሆናል።»

«አይደለም። እየጻፉ ነው የወጡት።» ስልኩን ለምሕረቱ አሳየው። ምሕረቱ አነበበና ወደ ጣሪያው ቀና አለ። ሽኩር ጉሮሮውን እንደገና ጠረገ፣ መጥቶም የወንበሬን ትራስ በጥፊ መታ መታ አድርጎ አስተካከለው።

«ጋሽ ደነቀ» አለኝ በለሆሳስ፣ «ፍጻሜው ለነገም ይደርሳል። አንተ እስቲ እባክህ ትንሽ ጋደም በል።»